መጀመሪያ ሚዛን ግዙ፦ የአቴንስ ጉጉት ሰብሳቢዎች ደጋግመው የሚሠሯቸው ስህተቶች

ባለፈው ወር አንድ ወጣት በሶፍት የጠቀለላትን ሳንቲም ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ «ጋሼ፣ እስቲ ይህችን ይዩልኝ» አለኝ። የጥንታዊት አቴንስ የብር ሳንቲም ናት ተብሎ 600 ዩሮ ከፍሎባታል። በአንዱ ገጽ የራስ ቁር የደፋች የከተማዋ ሴት አምላክ አቴና፣ በሌላው ጉጉት፤ ከጉጉቷ ጀርባ የወይራ ቅርንጫፍና ቀጭን ጨረቃ፣ ከፊቷ ሦስት የግሪክ ፊደላት። ገና ሳልነካት «ስንት ግራም ናት?» አልኩት። አልመዘናትም። ሻጩ አልነገረውም፣ እሱም አልጠየቀም። በዚህ ዓመት ይህን መልስ ስሰማ አራተኛዬ ነው።

መዘንናት። 15.02 ግራም።

ሳይመዝኑ መግዛት

ይህቺ ሳንቲም ቴትራድራክማ ትባላለች፤ አራት ድራክማ ማለት ነው። ሰብሳቢዎች በምስሏ ምክንያት «ጉጉት» ይሏታል። የአቴንስ ድራክማ 4.3 ግራም ያህል ስለሚመዝን አራቱ ወደ 17.2 ግራም ይሆናሉ። አቴናውያን በዚህ ላይ ቀልድ አያውቁም ነበር። ጉጉቷ ከግብፅ እስከ ሶርያ በየገበያው ትታመን የነበረው መልኳ ስላማረ ሳይሆን ክብደቷና የብሯ ጥራት ስለማይዋዥቅ ነው። ስለዚህ በደህና ሁኔታ የተረፈች ጉጉት ከ17 ግራም ብዙም አትርቅም። በእጅ ብዛት የተፋቀች ወይም አፈር የበላት ልትቀልል ትችላለች፤ ግን መፋቋና መበላቷ ለዓይን ይታያል። እንደ አዲስ እያበራች 15 ግራም የምትመዝን ጉጉት ግን ምክንያቷን ልታስረዳ ይገባታል። አንድ መቶኛ ግራም የምትለይ የኪስ ሚዛን የአንድ ምሳ ዋጋ አታወጣም። ሰው 600 ዩሮ አውጥቶ ይህችን የሚቆጥብበት ምክንያት እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ሚዛኑን ከገዛችሁ ደግሞ አንድ ብርጭቆ ውኃና ቀጭን ክር ጨምሩበት። መጀመሪያ ሳንቲሙን ደረቁን መዝኑ። ከዚያ ውኃ ያለበትን ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጡና ሚዛኑን ወደ ዜሮ መልሱት። ሳንቲሙን በክር አንጠልጥላችሁ የብርጭቆውን ወለልም ግድግዳም ሳይነካ ውኃው ውስጥ አስጥሙት። ሚዛኑ የሚያሳየው ሳንቲሙ የገፋውን ውኃ ክብደት ነው። የደረቁን ክብደት በዚህ ቁጥር አካፍሉት፤ ውጤቱ ሳንቲሙ ከእኩል መጠን ውኃ ስንት እጥፍ እንደሚከብድ ይነግራችኋል። እኔ ካሉኝ ጉጉቶች አንዷ ደረቋን 17.15፣ ውኃ ውስጥ 1.64 ታሳያለች፤ ሲካፈል 10.46 ይመጣል። ንጹሕ ብር 10.49 ስለሆነ ይህ ጥሩ ብር ነው። የወጣቱ 15.02 ለ1.66 ተካፍሎ 9.05 ሰጠ። መዳብ 8.96 ነው። ዙሪያዋን በማጉያ መነጽር ሳየው ሁለት ግማሽ ቅርጾች የተገጣጠሙበት ቀጭን መስመር ተርፎበታል፤ በመዶሻ የተመታች ሳትሆን ቀልጣ የፈሰሰች ናት። ማግኔት እንዳልሳባት ነግሮኝ ሊከራከረኝ ሞከረ። ማግኔት መዳብንም እርሳስንም አይስብም።

አቴናውያን ይህን ሥራ ለዕድል አልተዉትም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ375/4 ኒኮፎን የተባለ ሰው ያቀረበው ሕግ በድንጋይ ተቀርጾ ተገኝቷል። በገበያው ውስጥ ሳንቲም የሚመረምር የመንግሥት ባሪያ ይቀመጣል። ውስጡ መዳብ ወይም እርሳስ የሆነ ሳንቲም ካገኘ ወዲያውኑ በስለት ይቆርጠዋል። መርማሪው ሥራውን ካልሠራ ሃምሳ ግርፋት ይጠብቀዋል። እኛን የሚገርፈን ስለሌለ ነው መሰል እንዲህ የተዘናጋነው።

ራሴን ነጻ አላወጣም። መሰብሰብ በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት፣ ሚዛኔን ሆቴል ረስቼ የሄድኩበት አንድ ትርኢት ላይ፣ ነጋዴው «ሌላ ሰው ይፈልጋታል» ሲለኝ 450 ዩሮ ቆጥሬ ሰጠሁት። ማታ መብራት ሥር ሳያት ከጉጉቷ እግር በታች የጤፍ ፍሬ የምታህል አረንጓዴ ነጥብ አየሁ። ብሩ ተልጦ መዳቡ ብቅ ብሏል። ሳንቲሟ ጥንታዊት ነበረች፤ ግን ብር የተለበጠ መዳብ ናት። ሰሌዳዬ ላይ ዛሬም አለች፤ ልሸጣት አልደፍርም፣ ልጥላትም አልፈልግም። የሚያጽናናኝ ነገር ቢኖር፣ ከስፓርታ ጋር በተደረገው ጦርነት መጨረሻ፣ የላውሪዮን የብር ማዕድን ሲቋረጥባት፣ አቴንስ ራሷ እንዲህ ያለ ልብጥ ገንዘብ ማውጣቷ ነው። የኔዋ የከተማዋ ትሁን የአንድ አጭበርባሪ፣ ሻጩ የብር ዋጋ ነው ያስከፈለኝ።

የተቆረጠችን ጉጉት መናቅ

በጉጉቷ ላይ በስለት የተመታ ጥልቅ ቁርጥ ሲያዩ ፊታቸውን የሚያዞሩ አሉ። ያ ቁርጥ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት አንድ ነጋዴ ውስጧ ብር መሆኑን ያየበት መስኮት ነው። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ አማካሪ የለም፤ ዋጋዋንም ይቀንሰዋል። እኔ የመጀመሪያዋን ጉጉቴን እንደገና ብገዛ የተቆረጠች እገዛ ነበር።

እንደ ጠገራ ብር ማንኳኳት

ይህ የኛ ሰው ስህተት ነው፤ ስለዚህ በፍቅር ነው የምናገረው። አጎቴ ከጎንደር ሊጠይቁኝ መጥተው ሳንቲሞቼን ሳሳያቸው አንዷን ድራክማ አነሡና፣ ልጅ ሆነው ጠገራ ብር ሲፈተሽ እንዳዩት፣ ድምፅዋን ሊሰሙ እብነ በረዱ ላይ ጣሏት። ለሁለት ተሰበረች። «አየህ፣ ሐሰተኛ ነበረች» አሉኝ። ሐሰተኛ አልነበረችም። ብር ለሁለት ሺህ ዓመታት መሬት ውስጥ ሲቆይ ውስጡ እየጠጠረ እንደ ብስኩት ተሰባሪ ይሆናል። ስለዚህ አታንኳኩ፤ ለማጠፍም አትሞክሩ።

ማጠብ

አትጠቡት። በጥርስ ሳሙናም፣ በሎሚም፣ በምንም።

«አስቀያሚ ስለሆነች የጥንት ናት» ማለት

ጠገራ ብርን ካነሣሁ አይቀር፣ ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው በ1780 ነው፤ ብሯ ግን ከዚያ በኋላም ለብዙ ዘመን ያንኑ 1780 ተጽፎበት ይመታ ነበር። አባቶቻችን በጌጧ ላይ ያለውን ዕንቁ እየቆጠሩ መልኩ የተለየውን አንቀበልም ይሉ ስለነበር ነው። አቴንስም እንዲሁ ናት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአምስተኛው መቶ ዘመን ቀራጮቿ በአቴና ቤተ መቅደስ በፓርተኖን ላይ ያንን ሁሉ ጥበብ ሲያሳዩ፣ ሳንቲሟ ላይ ያለችው አቴና ግን ፊቷ ወደ ጎን ሆኖ ዓይኗ ወደ ፊት እንደሚያይ ሆኖ ቀረ። የድሮ አሣሣል ነው፤ ገበያው ስለለመደው ሊቀይሩት አልፈለጉም። ጀማሪው ይህንን ዓይን ሲያይ ሳንቲሟን ከዕድሜዋ በላይ ያስረጃታል። በብዛት በገበያ የምናገኛቸው ጉጉቶች ግን ከ454 እስከ 404 ባለው ጊዜ የተመቱ ናቸው። በአራተኛው መቶ ዘመን ዓይኑ ተስተካክሎ ከጎን እንደሚታይ ዓይን ሆነ።

ከሁሉም የባሰ መልክ ያላቸው፣ ጠርዛቸው የተጣመመና ሞላላ የሆኑት ደግሞ ከዚያም በኋላ የመጡት ናቸው። ከ353 ገደማ ጀምሮ አሮጌው ገንዘብ እየታጠፈ እንደገና በመዶሻ ተመታ። በራስ ቁሩ ላይ ያለው ጌጥ የግሪኩን ፊደል ፓይን ስለሚመስል ሰብሳቢዎች በዚሁ ስም ይጠሯቸዋል። አንድ ሻጭ እንዲህ ያለችውን «ከፋርስ ጦርነት በፊት የነበረች» ብሎ ሲያቀርብልኝ ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም። ጨረቃዋ ጉጉቷ ትከሻ ላይ ተቀምጣለች፤ ጨረቃዋና በአቴና ቁር ላይ ያሉት የወይራ ቅጠሎች የመጡት ከፋርስ ጦርነት በኋላ ነው። ይህችን አንዲት ምልክት የያዘ ሰው ብዙ ገንዘብ ያተርፋል።

ቅጂን ሁሉ ሐሰተኛ ማለት

ግብፆችና የሶርያ ዳርቻ ሰዎች ጉጉቷን በጥሩ ብር ቀድተው ይመቱ ነበር። የኒኮፎን ሕግ እንኳ እንዲህ ያለው ጥሩ ብር ከሆነ ላመጣው ሰው ይመለስለት ነው የሚለው። ለእኔ ከሁሉ የሚጣፍጡት የደቡብ ዓረብ ጉጉቶች ናቸው። ከቀይ ባሕር ማዶ የሳባና የቀታባን ሰዎች አነስ አድርገው መቷት፤ በአቴና ጉንጭ ላይ የራሳቸውን ፊደል ጻፉበት። አንዷን የሸጠልኝ ነጋዴ «ጉንጯ ላይ ጭረት አለባት» ብሎ ዋጋ ቀነሰልኝ። ጭረቱ የሳባ «ነ» ነበር፤ የኛው «ነ» ቅድመ አያት። ትንፍሽ ሳልል ከፈልኩ።

ሙሉ ጎፈር መፈለግ

የማተሚያው ቅርጽ ከብሩ ጥፍጥፍ ስለሚበልጥ በአብዛኞቹ ላይ የአቴና ቁር ጎፈር ተቆርጦ ይቀራል። ጎፈሩ ሙሉ የሆነ ዋጋው ይሰቀላል። ለመጀመሪያ ሳንቲም ይህን መፈለግ ገንዘብ ማባከን ነው፤ አፍንጫዋና የጉጉቷ ፊት ጥርት ካለ ይበቃል። አቅም ካነሰ የሲሲሊ ከተማ የካማሪና የመዳብ ሳንቲም አለላችሁ፤ እዚያ ጉጉቷ እንሽላሊት ይዛለች። ብዙ ሰው ስለማያውቃት ዋጋዋ አልናረም።

ከአቴንስ ይዞ መውጣት

በአቴንስ የቱሪስት ሱቆች የሚሸጠው መታሰቢያ ነው፤ መታሰቢያ መሆኑን አውቃችሁ ግዙ። በድብቅ «እውነተኛ አለኝ» የሚላችሁ ሰው ሲገጥማችሁ ግን ዘወር በሉ። የሚዋሻችሁ ከሆነ ገንዘባችሁን ትከስራላችሁ፤ እውነቱን ከሆነ በ2002 የወጣው የግሪክ የቅርስ ሕግ ቁጥር 3028 ይጠብቃችኋል። ጉጉት ይዤ ከአቴንስ ካልወጣሁ የሚል ሰው የግሪክን 1 ዩሮ ይመልከት፤ ያችው ቴትራድራክማ ከነጉጉቷ ተቀርጻበታለች። ሌላ ቦታ ስትገዙም ደረሰኝና ሳንቲሙ ከዚህ በፊት በማን እጅ እንደነበረ የሚገልጽ ወረቀት ጠይቁ። ሻጩ በጥያቄው ከተቆጣ መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው።

ወጣቱ 600 ዩሮውን አላስመለሰም፤ ሻጩ ስልኩን ዘግቷል። ባለፈው ቅዳሜ ደውሎ ሚዛን መግዛቱን፣ የባለቤቱን የጋብቻ ቀለበት በውኃና በክር መመዘኑን፣ ውጤቱን ለእሷ ይንገራት ወይስ ይተወው እንዳልወሰነ ነገረኝ።