«ሰሞኑን ነው»፦ የደረት ሕመምተኛን ስንጠይቅ የምንሠራቸው ስህተቶች

ባለፈው ሳምንት ተመላላሽ ክፍል ውስጥ ከአንድ ኢንተርን (ተለማማጅ ሐኪም) ጎን ተቀምጬ ነበር። ዕድሜያቸው ከሃምሳ የዘለለ ገበሬ «ልጄ፣ ልቤን ነው የሚወጋኝ» አሉት። ኢንተርኑ ከካርዱ ቀና ሳይል በእንግሊዝኛ «የደረት ሕመም» ብሎ ጻፈና ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ ምት የሚያነብ ምርመራ) አዘዘ። «አባባ፣ እስቲ የሚያምዎትን ቦታ በአንድ ጣትዎ ያሳዩን» አልኳቸው። ጣታቸው ያረፈው ደረታቸው ላይ ሳይሆን ከእምብርታቸው ከፍ ብሎ ነው። ሲርባቸው ይነሳባቸዋል፣ እህል ሲቀምሱ ይተዋቸዋል። በእሳቸው ዕድሜ የልብ ሕመምም ጨጓራ አካባቢ ሊሰማ ስለሚችል ኢሲጂው ክፋት የለውም። ካርዱ ላይ የሰፈረው ግን እሳቸው ያላሉት ነገር ነው።

በሽተኛው በአማርኛ ይነግረናል፣ እኛ በእንግሊዝኛ እንጽፋለን፤ አንዱ በሽታ ሌላ በሽታ ሆኖ የሚወጣው በዚያች ቅጽበት ነው። ለጀማሪዎች ደጋግሜ የምነግራቸውን ስህተቶች እዚህ አስቀምጣለሁ። አብዛኞቹን እኔም ሠርቻቸዋለሁ።

ቃሉን ሳያጣሩ መተርጎም

«ልቤን» ያለ ሰው ደረቱን፣ ጨጓራውን፣ አንዳንዴም ጭንቀቱን ማለቱ ሊሆን ይችላል። «ብርድ መታኝ» ከጉንፋን እስከ ሳንባ ምች፣ ከጡንቻ ሕመም እስከ ቁርጥማት ያለውን ሁሉ ይይዛል። «ነቀርሳ» ለአንዱ ቲቢ ነው፣ ለሌላው ካንሰር። «እናቴ በነቀርሳ ነው የሞተችው» የሚላችሁን ሰው ታስል እንደነበር፣ በየቀኑ ክኒን ስትወስድ ያይ እንደነበር ጠይቁት።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ «ደም ተፋሁ» ነው። ከሳንባ የመጣውም፣ ከጨጓራ የመጣውም፣ ከአፍንጫና ከድድ የወረደውም በዚሁ ቃል ይነገራል። «ስትስይ ነው የወጣው ወይስ አስመልሶሽ? አረፋ ያለው ቀይ ነው ወይስ እንደ ቡና አተላ የጠቆረ? አፍንጫሽስ ደምቶ ነበር?» ይህን መጠየቅ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ሳይጠየቅ ቀርቶ ጨጓራዋ የሚደማ ሴት «አክታ አምጪ» ተብላ ዕቃ ይዛ ስትንከራተት አይቻለሁ።

«ሰሞኑን» የሚለውን መልስ መቀበል

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል። «ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያስልህ?» «ሰሞኑን ነው።» ካርዱ ላይ «5 ቀን» ይጻፋል። አምስቱን ቀን ማን ነገራችሁ? «ሰሞኑን» ሦስት ቀን ነው፣ ሦስት ወርም ነው። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስለው ሰው ሁሉ ለቲቢ መመርመር አለበት፤ ስለዚህ በሽተኛው አክታ መስጫ ጋ ይሂድ ወይስ አሞክሳሲሊን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለስ የምትወስነው ይህች የቀን ቁጥር ናት። ኤች አይ ቪ በደሙ ውስጥ ላለ ሰው ደግሞ የቀን ቆጠራ የለም፤ ትናንት የጀመረ ሳልም ለምርመራ ይበቃል።

ጊዜውን በበዓልና በጾም ጠይቁ። «ደመራው ሲለኮስ ያስልዎት ነበር? ጾሙ ከመግባቱ በፊት ነው? ጤፉ ሲታጨድስ?» የገጠር ሰው ቀኑን በቁጥር ባይዘው እንኳ በዚህ አይሳሳትም።

ይህን የተማርኩት በሰው ላይ ነው። ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ዓመት፣ ጥቅምት መግቢያ ላይ፣ አንድ ወጣት የቀን ሠራተኛ «ሰሞኑን ነው ያመመኝ» አለኝ። አመንኩት፣ ለሳንባ ምች መድኃኒት ሰጥቼ ሸኘሁት። ኅዳር ላይ ወንድሙ ደግፎት ተመለሰ፤ ጉንጩ ገብቷል፣ ሱሪውን በገመድ አስሮታል። ወንድሙን ስጠይቀው «ከፍልሰታ ጾም ጀምሮ እኮ ነው የሚስለው» አለኝ። አክታው ላይ ቲቢ ተገኘ። እኔ ካየሁት በኋላ ያን አንድ ወር ሙሉ ከወንድሙ ሁለት ሕፃናት ጋር በአንድ ክፍል ተኝቶ ሲስል ነበር። አንድ ጥያቄ ብጨምር ኖሮ ያ ወር አይኖርም ነበር።

ክብደትም እንደዚሁ ነው። «ክብደት ቀንሰሃል?» የሚባለው ሰው ተመዝኖ ላያውቅ ይችላል። «ቀበቶህን ስንተኛው ቀዳዳ ላይ ነው የምታስረው? ዱሮስ?» በሉት። ላብንም «ሌሊት ልብስህን እስክትቀይር ድረስ ያልብሃል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ትራስ መቁጠር

ልቡ የደከመ ሰው ጋደም ሲል ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ይህን ለማወቅ መጽሐፉ «በስንት ትራስ ትተኛለህ?» ይላል። መደብ ላይ፣ ነጠላዋን ጠቅልላ ተንተርሳ የምትተኛ ሴት መልሷ ሁልጊዜ «አንድ» ነው። ሃያ አራት ዓመት የሆናት፣ ትንፋሽ የሚያጥራት፣ ደም የተቀላቀለበት አክታ የምትተፋ ልጅ በቲቢ ጥርጣሬ ስትመላለስ ቆይታ ወደ እኛ ተላከች። ትራሷ አንድ ነው ተብሎ ተጽፏል። «ጋደም ስትዪ ምን ትሆኛለሽ?» አልኳት። «አልጋደምም። ግድግዳ ተደግፌ ነው የማነጋው» አለችኝ። በልጅነቷ ጉሮሮዋን ያማት እንደነበር፣ ጉልበቷና ቁርጭምጭሚቷ እየተፈራረቁ ያብጡ እንደነበር ነገረችኝ፤ ይህ የልብን ቫልቭ የሚጎዳውን የሩማቲክ ትኩሳት ያስጠረጥራል። ትንፋሽ ማጠሩ የጀመራት ያረገዘች ጊዜ ነው። የልብ አልትራሳውንዱ የጠበበ ማይትራል ቫልቭ (በልብ ግራ በኩል ያለ የደም በር) አሳየ፤ ደሙም ከዚያው የመጣ ነበር። ወጣት ሴት ትንፋሽ አጠረኝ ስትላችሁ ከሳንባዋ እኩል ልቧን አስቡ።

«ሲጋራ ታጨሻለሽ?» ብሎ መዝጋት

«ኧረ እኔ አላጨስም!» ትላለች፤ እኛም ደስ ብሎን እናልፋለን። ሠላሳ ዓመት በእንጨትና በኩበት ጭስ እንጀራ የጋገረች ሴት የሳንባዋ የአየር ቧንቧ እንደ ከባድ አጫሽ ሊጠብ ይችላል። ማድ ቤቱ መስኮት አለው? ከመኝታው ተለይቷል? በሳምንት ስንቴ ትጋግራለች? የወንዱንም ሥራ ጠይቁ፤ ድንጋይ ይፈልጣል፣ ጥጥ ያዳውራል፣ ሲሚንቶ ያራግፋል?

የወሰዱትን መድኃኒት አለመጠየቅ

ለደም ግፊት ኢናላፕሪል የሚወስድ ሰው ደረቅ ሳል ቢይዘው መድኃኒቱን ጠርጥሩ። ከፋርማሲ እንደ ሲፕሮፍሎክሳሲን ያለ አንቲባዮቲክ ገዝቶ የመጣ የቲቢ ሕመምተኛ ለጥቂት ቀናት ተሽሎት ምርመራው ሊዘገይ ይችላል። የክኒኑን ስም የማያውቀውን «ሽንትህን ብርቱካን ያስመስለው ነበር?» በሉት። አዎ ካለ ሪፋምፒሲን የተባለውን ዋና የቲቢ መድኃኒት መውሰዱን ጠርጥሩ።

ሕፃን ከሆነ

የትንፋሽ ቁጥሩን እናቱ እቅፍ ውስጥ፣ ሳያለቅስ፣ ሙሉ አንድ ደቂቃ ቁጠሩ። ከ2 እስከ 11 ወር ላለ 50ና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ 40ና ከዚያ በላይ ፈጣን ነው፤ ሳንባ ምችን ያስጠረጥራል። ደህና ሲጫወት ድንገት የጀመረው ሳል ከሆነ ደግሞ ምን እየበላ እንደነበር ጠይቁ፤ ሽምብራ፣ ኮሎ ወይም ኦቾሎኒ ትን ብሎት ሳንባው ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል።

በአስታማሚ ፊት መጠየቅ

አንዲት ሙሽራ ከአማቷ ጋር መጣች። የምጠይቃትን ሁሉ አማቷ ይመልሳሉ፤ «ከዚህ በፊት ታማ አታውቅም፣ ልጄ» አሉኝ። «እማማ፣ እባክዎ ይህን ወረቀት ካርድ ክፍል ያድርሱልን» ብዬ ላክኋቸው። በሩ ሲዘጋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ከማግባቷ በፊት የቲቢ መድኃኒት ጀምራ ሁለት ወር ከወሰደች በኋላ እንዳቋረጠች ነገረችኝ። የተለመደው ሕክምና ስድስት ወር ነው። አክታዋን በዚያው ቀን ጂን ኤክስፐርት ለተባለው ምርመራ ላክን፤ ባክቴሪያው ሪፋምፒሲንን ተላምዶ እንደሆነ የሚነግረን እሱ ነው። አማቷ ሲመለሱ ስለ እንጀራ ጭስ እየተጨዋወትን ነበር።