ሴሉ አልበራ ሲል፦ የተኛ ኤችአይቪ የማይነቃባቸው ምክንያቶች

ቫይረሱ ተኝቶባቸው የሚኖሩ የላብራቶሪ ሴሎችን ስንቀሰቅስ የሚገጥሙንን ችግሮች ከነምክንያታቸው ልዘርዝር። ሴሎቹ በሕይወት እንዳሉ፣ ማይኮፕላዝማ (የሴል እርባታ የሚበክል ባክቴሪያ) እንደሌለባቸው አይታችኋል ብዬ ልጀምር።

ሳይነኩት ይበራል። ጄ-ላት 10.6 (ቫይረሱ ሲነቃ አረንጓዴ የሚያበራ ሴል) ከሆነ ትንሽ መብራት ጠባዩ ነው። ከወትሮው ከበዛ ወደ ድሮው ክምችት ተመለሱና አዲስ አቅልጡ።

ቲኤንኤፍ-አልፋ (ቫይረሱን የሚቀሰቅስ የሰውነት ፕሮቲን) ተጨምሮም ዝም ይላል። አስር ጊዜ ቀልጦ አስር ጊዜ የቀዘቀዘ ቲኤንኤፍ ነው። ይጣል! ሲመጣ በትንሽ በትንሹ ከፋፍሎ ማስቀመጥ ምን ይከብዳል?

አሁንም ካልነቃ፣ ኤሲኤች-2 ወይም ዩ1 የሚባሉትን ሴሎች ነው የያዛችሁት። በመጀመሪያው ውስጥ ያለው ቫይረስ ታሩ (ታት የሚያርፍበት የቫይረሱ አርኤንኤ መነሻ)፣ በሁለተኛው ያለው ታቱ (ቅጂውን የሚያስኬደው የቫይረሱ ፕሮቲን) ጉድለት አለበት። እንቅልፉን ሁሉ በሴሉ ፕሮቲኖች አታሳብቡ።

የቫይረሱ አርኤንኤ ቅጂ ይጀምራል፣ አይጨርስም። የማያልቀው ጣጣ ይሄ ነው። ቅጂው መነሻ ላይ፣ ታር አካባቢ ያለው ፕራይመር (ቅጂውን ለመለካት የሚገባ አጭር ዲኤንኤ) ጥሩ ቁጥር ይሰጣል። ራቅ ያለው ግን ባዶ ነው። አብሮኝ የሚሠራ አንድ ልጅ ሦስት ሳምንት ፕራይመሩን ሲራገም ከረመ፤ ሁለቴም አስቀየረ። ፕራይመሩ ምንም አልነበረበትም።

የሆነው እንዲህ ነው። ቅጂውን የሚሠራው ኢንዛይም፣ ፖሊመሬዙ፣ ገና እንደተነሣ ኔልፍና ዲሲፍ የተባሉ የሴሉ ፕሮቲኖች ያስቆሙታል። የሚያስለቅቀው ፒ-ቴፍ-ቢ ነው፤ ሲዲኬ9 እና ሳይክሊን ቲ1 ተጣምረው ማለት ነው። እሱን ደግሞ ሄክሲም1 ከ7ኤስኬ አርኤንኤ ጋር አስሮ ይዞታል። የቫይረሱ ታት ቢኖር ነጥቆ ይወስደው ነበር። ታት እንዲመረት ግን ቅጂው ማለቅ አለበት፤ ቅጂው እንዲያልቅ ደግሞ ታት ያስፈልጋል። በዚህ ላይ ብሬድ4 የተባለ ሌላ የሴሉ ፕሮቲን የተፈታውን ፒ-ቴፍ-ቢ ይሻማል።

መፍትሄው ሁለት መድኃኒት ነው፦ ኤችኤምቢኤ ፒ-ቴፍ-ቢን ከእስሩ ያስፈታል፤ ጄኪው1 ብሬድ4ን ከክሮማቲን (ዲኤንኤው ከተጠቀለለባቸው ፕሮቲኖች ጋር) ያላቅቃል። የማይሠራውን የጄኪው1 መንትያ እና ዲኤምኤስኦ (የመድኃኒቱ ማሟሚያ) ብቻ የገባበትን ጎን ለጎን አስኪዱ። ያለዚያ ውጤቱን አታሳዩኝ።

ጁርካት (ጄ-ላት የተሠራበት ሴል) ላይ ሠራ ብላችሁ ግን አትፈንድቁ። ጁርካት ካንሰር ነው፤ ሲባዛ ውሎ ሲባዛ ያድራል፤ ሳይክሊን ቲ1 ሞልቶታል። ከደም የተወሰደ ያረፈ ሲዲ4 ሴል (ኤችአይቪ የሚያጠቃው የመከላከያ ሴል) ውስጥ ግን ሳይክሊን ቲ1 በጣም ጥቂት ነው። እስር ቤቱን ብትከፍቱት የሚወጣ እስረኛ የለም። እዚያ እንደ ፕሮስትራቲን ያለ፣ ሳይክሊን ቲ1ንም ኤንኤፍ-ካፓ-ቢንም (የቫይረሱን ቅጂ የሚያስነሣ የሴሉ ፕሮቲን) አብሮ የሚያነሣ ነገር ያስፈልጋል።

አደራ፣ አርኤንኤውን በዲኤንኤዝ (ዲኤንኤ በሚያጠፋ ኢንዛይም) ሳታጸዱ እንዳትለኩ። ክሮሞዞሙ ላይ የተሰካው የቫይረሱ ዲኤንኤ ራሱ ይቆጠርላችኋል፤ "ነቃ!" ብላችሁ ታጨበጭባላችሁ። ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ (አርኤንኤን ወደ ዲኤንኤ የሚቀይር ኢንዛይም) ያልገባበት ቱቦ ሁልጊዜ ይኑር። ሁልጊዜ!

ኤችዳክ የሚባሉትን ኢንዛይሞች የሚያግደው ቮሪኖስታት ብቻውን ደካማ ነው። ፒ50 የተባለ የሴሉ ፕሮቲን ጥንድ ሆኖ የቫይረሱ መነሻ ላይ ይቀመጥና ኤችዳክ1ን ይጠራል፤ ኤችዳክ1 ሂስቶኑን (ዲኤንኤው የሚጠቀለልበትን ፕሮቲን) አጥብቆ ይዘጋል። ቮሪኖስታት ይሄን ይከፍታል፤ የቆመውን ፖሊመሬዝ ለማስኬድ ግን ብቻውን ብዙ ጊዜ አይበቃም። ከፕሮስትራቲን ጋር አብራችሁ ሞክሩት።