ሕፃኑ «ካርኒቲኑ ዝቅ ብሏል» ሲባል ምን ይደረጋል?

አሜሪካ ውስጥ ሕፃን ከተወለደ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ተረከዙ ይወጋና ጥቂት ጠብታ ደም በማጣሪያ ወረቀት ላይ ይወሰዳል። ከዚያ ከሚለኩት አንዱ ነፃ ካርኒቲን ነው፤ ስብ እንዲቃጠል ሕዋስ ውስጥ ወዳለው የኃይል ማመንጫ (ማይቶኮንድሪያ) ተሸክሞ የሚያስገባው ንጥረ ነገር። ዝቅ ብሏል ተብሎ ስልክ ሲደወል ወላጅ ሁሉ ወደ ልጁ ነው የሚያየው። በእነዚህ ቀናት ግን ቁጥሩ በአብዛኛው የእናትየዋ ነው። ካርኒቲን በእንግዴ ልጅ በኩል ያልፋል፤ የሕፃኑ ጉበት ደግሞ ገና እንደ አዋቂ አያመርትም።

1. ሁለተኛው ምርመራ እስኪደርስ ሕፃኑን ቀንም ሌሊትም ከ3 ሰዓት በላይ ሳታቆዩ አጥቡት። ሆዱ ባዶ ሲሆን ስብ ማቃጠል ካቃተው የደም ስኳሩ ይወድቃል። መጥባት እምቢ ካለ፣ ካስመለሰ ወይም ለመንቃት ካዳገተው ውጤት ሳትጠብቁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱትና «ካርኒቲኑ ዝቅ ብሏል፣ ስኳሩ ይለካ» በሉ።

2. ናሙናው እንዴት እንደተወሰደ ጠይቁ። ካርኒቲን በሕፃኑ ሰውነት የሚከማቸው በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ወራት ስለሆነ፣ ቀኑ ሳይደርስ የተወለደ ልጅ ክምችቱ አነስተኛ ነው። ካርኒቲን ያልተጨመረበት ምግብ በደም ሥር ብቻ ሲሰጠው ደግሞ ይበልጥ ይወርዳል። ተቃራኒውም አለ፦ በመጀመሪያው ቀን የተወሰደ ደም የእናትን ካርኒቲን ስለሚያሳይ የልጁን የራሱን ችግር ሊሸፍን ይችላል።

3. እናትየዋ በእርግዝና የወሰደችውን መድኃኒት በሙሉ ጻፉ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሆነው ቫልፕሮይክ አሲድ ካርኒቲን ያወርዳል። በስካንዲኔቪያ አገሮች ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን በብዛት የሚታዘዘው ፒቭመሲሊናምም እንዲሁ፤ ከውስጡ የሚወጣው አሲድ ካርኒቲንን ይዞ በሽንት ይወጣል። ጾምስ? ካርኒቲን በብዛት ያለው ሥጋ ውስጥ ነው፣ ስለዚህ ከፍስክ ምግብ በራቀች እናት ደም ውስጥ መጠኑ ትንሽ ዝቅ ሊል ይችላል። ሰውነት ግን ራሱ ያመርታል፣ ኩላሊትም ይቆጥባል፤ በጣም የወረደን ቁጥር በጾም ብቻ ማስረዳት ስህተት ነው።

4. የእናትና የልጅ ደም በአንድ ቀን ይወሰድ። ዋናው እርምጃ ይህ ነው፣ ብዙ ጊዜ የሚዘለለውም ይኸው ነው። የሕፃኑ ሽንትም ለኦርጋኒክ አሲድ ይመርመር። ሐኪም ካላዘዘ በቀር ከዚህ በፊት ካርኒቲን አትጀምሩ፣ ውጤቱን ያዛባል። የልጁ መጠን በወተት ብቻ ከፍ እያለ ሄዶ የእናት ዝቅ ካለ፣ ችግሩ የእርሷ ነው፤ ምንም ሳይሰማት የኖረች ብትሆንም ልቧ ይታይ። የልጁ እየወረደ ከሄደ፣ ካርኒቲንን ወደ ሕዋስ የሚያስገባው በር በዘር ተበላሽቶ ሊሆን ስለሚችል በዘረመል ምርመራ ይረጋገጣል። በፋሮ ደሴቶች ይህ ሕመም ከ300 ሰው አንዱን ገደማ ይይዛል፤ ሌላ አገር ግን ብርቅ ነው።

5. ከተረጋገጠ ሌቮካርኒቲን ሽሮፕ ይታዘዛል፣ ብዙውን ጊዜ በቀን ከ100 እስከ 400 ሚሊግራም በኪሎ፣ ተከፋፍሎ። 4 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በ100 ቢታዘዝለት በቀን 400 ሚሊግራም ነው፤ በ1 ሚሊ ሊትር 100 ሚሊግራም ካለው ሽሮፕ 4 ሚሊ ሊትር፣ ለሦስት ሲከፈል በየጊዜው 1.3 ገደማ። በሻይ ማንኪያ ሳይሆን በመርፌ አልባ ስሪንጅ ለኩ። መጠኑ ሲበዛ ሆድ ያስቀምጣል፣ ገላውም ዓሣ ዓሣ ይሸታል። ያኔ በራሳችሁ አታቋርጡ፤ መጠኑ ይስተካከል እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ።