መሪው ከፊት፣ ጥፋቱ ከኋላ፦ በኋላ አላይመንት ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አላይመንት ማለት ጎማዎቹ የሚያዩበትንና የሚያጋድሉበትን አቅጣጫ ለክቶ ማስተካከል ነው። "መኪናዬ ወደ ግራ ትጎትታለች፣ የፊቱን አስተካክልልኝ" የሚል ሰው ሲመጣ እኔ መጀመሪያ የማየው የኋላ ጎማዎቹን ነው። አንዳንዱ ይገረማል። አንዳንዱ ይናደዳል፤ ሥራ ላበዛበት የፈለግኩ ይመስለዋል። መኪና ግን ከኋላዋም ትመራለች፣ ልክ እንደ ጀልባ። የኋላ ጎማዎች ወዴት እንደሚያዩ ሳታውቁ የፊቱን ብትነኩ የምታስተካክሉት ነገር የለም።

የፊቱን ብቻ ሠርቶ መሸኘት

ይሄኛው ያንገበግበኛል። የፊቱ ይሠራል፣ የአላይመንት ማሽኑ ስክሪን አረንጓዴ ይሆናል፣ መኪናዋ ትወጣለች። ባለቤቱ በማግስቱ "መሪው ጠማማ ነው" ብሎ ይመለሳል። መካኒኩ ምን ያደርጋል? መሪውን ነቅሎ፣ አንድ ጥርስ አዙሮ ይገጥመዋል። መሪው ቀጥ አለ፣ ችግሩ ግን እዚያው ነው። በዘመናዊ መኪና ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል። የመሪ ማዕዘን ሴንሰሩ ከመሪው ጋር ስለማይስማማ የመረጋጊያ ሲስተሙ "ሾፌሩ እየታጠፈ ነው" ብሎ ሊያስብ ይችላል።

በቁጥር ላሳያችሁ። ቶ የምንለው ጎማውን ከላይ ስታዩት አፍንጫው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማየቱን ነው። ወደ ውስጥ ሲሆን ቶ ኢን፣ ወደ ውጭ ሲሆን ቶ አውት። የግራ ኋላ ጎማ 0.40 ዲግሪ ወደ ውስጥ፣ የቀኝ ኋላ ደግሞ 0.20 ወደ ውጭ ያያል እንበል። ቶ አውት በኔጌቲቭ ስለሚቆጠር ድምሩ 0.20 ቶ ኢን ነው፤ ለብዙ መኪና ደህና የሚባል ቁጥር። ግን ሁለቱም ጎማዎች ወደ ቀኝ እያዩ ነው! በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት፣ ማለትም 0.60ን፣ ለሁለት ስታካፍሉት 0.30 ዲግሪ ይመጣል። ትረስት አንግል (የኋላው የሚገፋበት አቅጣጫ) የሚባለው ይሄ ነው። የኋላው ጭራውን ወደ ቀኝ ስለሚገፋ አፍንጫዋ ወደ ግራ ይሄዳል። ቀጥ ብሎ ለመሄድ ሾፌሩ መሪውን ወደ ቀኝ ይይዛል። መሪው 15 ዲግሪ ዞሮ የፊት ጎማውን 1 ዲግሪ የሚያዞር ከሆነ፣ መሪው 4.5 ዲግሪ ተጣሞ ይቆማል ማለት ነው። መኪናዋም ገላዋን ሰያፍ አድርጋ ትሄዳለች።

ስለዚህ ድምሩን ብቻ አይታችሁ አትለፉ። የግራና የቀኙን ለየብቻ አንብቡ። ሥራው የሚጀመረው ከኋላ ካምበር (ጎማው ከላይ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማጋደሉ) ነው፣ ቀጥሎ የኋላ ቶ፣ ከዚያ በኋላ ነው የፊቱ ካስተር (ጎማው የሚታጠፍበት ምሰሶ ከጎን ሲታይ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ማጋደሉ)፣ ካምበርና ቶ። የኋላው የማይስተካከል ቢሆን እንኳ ይለካል፤ የፊቱም የኋላው በሚገፋበት መስመር ልክ ይሠራል።

የውድድር መኪና ቁጥር መቅዳት

ወጣቶቹን እወዳቸዋለሁ፤ ነገር ለማወቅ ይጓጓሉ። ግን ከውድድር ቪዲዮ ያገኙትን ቁጥር ይዘው ሲመጡ እፈራለሁ። የፊት ጎማቸው የሚነዳ የውድድር መኪኖች አንዳንዴ ኋላቸው ትንሽ ቶ አውት ይደረጋል። ጭራዋ እንድትላቀቅና ኩርባ ላይ ቶሎ እንድትዞር ሆን ተብሎ ነው የሚሠራው።

መንገድ ላይ ሲሆን ምን ይፈጠራል? ኩርባ ስትገቡ ክብደቱ ወደ ውጭኛው ጎማ ይሄዳል። የውጭኛው የኋላ ጎማ አፍንጫው ወደ ውስጥ የሚያይ ከሆነ ጭራዋን ይዞ ያቆያታል። ወደ ውጭ ካየ ግን ጭራዋን ይዟት ይወጣል፣ መኪናዋም ከጠየቃችኋት በላይ ትታጠፋለች። አሁን ዝናብ ጨምሩበት። ኩርባው መሃል ደንገጥ ብላችሁ እግራችሁን ከነዳጅ ላይ ታነሳላችሁ። ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ኋላው ይቀላል፣ ከዚያ በኋላ መሪው እናንተን አይሰማም። የውድድር ሾፌር ይሄን ይጠብቀዋል። ልጆች ጭኖ የሚሄድ ሰው አይጠብቀውም።

"እንግዲያው ቶ ኢን ላብዛ" የሚልም አለ። እሱም አያዋጣም። ከልክ ሲያልፍ የፊቱ መታጠፍ ይለግማል፣ ጎማውም እየተጎተተ ይላጫል። ጎማውን በእጃችሁ ዳብሱት። ወደ አንዱ አቅጣጫ ለስላሳ፣ ወደ ሌላው እንደ መጋዝ ከሆነ ቶው ተበላሽቷል። ያ የተላጨ ጎማ "ው...ው...ው" የሚል ድምፅ ያወጣል። በዚህ ድምፅ ሰበብ ስንት ደህና ኩሽኔታ (ጎማው የሚሽከረከርበት ቤሪንግ) ተነቅሎ ተጥሏል! አንድ ደንበኛዬ ኩሽኔታውን ሌላ ቦታ አስቀይሮ ድምፁ ስላልጠፋለት ሁለተኛውን ሊያስቀይር ነበር የመጣው። የኋላ ጎማዎቹን ወደ ፊት ስናዛውር ድምፁም አብሮ ወደ ፊት መጣ።

ቶውን አስተካክሎ ካምበሩን ማስከተል

ካምበሩን ስትነኩ ቶው ይቀየራል። ሁሌም ካምበር ይቅደም። የግራና የቀኝ ካምበር ከተለያየ ደግሞ መኪናዋ ወደ ግራ ስትታጠፍ አንድ ዓይነት፣ ወደ ቀኝ ስትታጠፍ ሌላ ዓይነት ትሆናለች። ሾፌሩ ግን ይሄን በቃል ማስረዳት አይችልም፤ "የሆነ ነገር አላት" ብቻ ይላችኋል።

በተበላ ቦኮላ ላይ አላይመንት መሥራት

ቦኮላ ማለት ብራቾው፣ ማለትም ጎማውን ከመኪናዋ ገላ ጋር የሚያያይዘው ክንድ፣ መገጣጠሚያው ላይ ያለው ላስቲክ ነው። ማሽኑ የሚለካው የቆመች መኪናን ነው። የተበላ ቦኮላ ግን ፍሬን ስትይዙ ብራቾውን ይለቀዋል፣ ጎማውም ወዳሻው ያያል። ስክሪን ላይ ልክ የነበረው ቶ መንገድ ላይ ሌላ ነው። አውራ ጎዳና ላይ ፍሬን ስትይዙ ወይም ነዳጅ ስትለቁ ኋላዋ የምትወዛወዝ ከሆነ መጀመሪያ ቦኮላውን በሌቨር ነቅንቁት። ካልተቀየረ ገንዘቡን አልቀበልም፤ ነገ ተመልሶ የሚጮኸው እኔ ላይ ነው።

አዲሱን ቦኮላ መኪናዋ ተንጠልጥላ ማጥበቅ

ላስቲኩ ተጠምዝዞ ይቀራል። መኪናዋን ስታወርዷት ቁመቷ ልክ አይሆንም፣ ላስቲኩም ቶሎ ይቀደዳል። የብራቾው ብሎን የመጨረሻ ማጥበቂያው ጎማው ክብደት ተሸክሞ ነው። ካወረዳችኋት በኋላም ወዲያው አትለኩ፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ትንሽ አንከባሏት፣ ትረጋጋ።

ዲግሪና ደቂቃን ማምታታት

አንድ ዲግሪ 60 ደቂቃ ነው። ስለዚህ 0.20 ዲግሪ 12 ደቂቃ ነው፣ 20 ደቂቃ ደግሞ 0.33 ዲግሪ። አንዱ መጽሐፍ በዚህ፣ ሌላው በዚያ ይጽፋል። በሚሊሜትር ከሆነ፣ 600 ሚሊሜትር ዲያሜትር ባለው ጎማ ላይ 0.1 ዲግሪ 1 ሚሊሜትር ገደማ ነው።

የጎማ ነፋስ ሳይለኩ መጀመር

እባካችሁ።

መኪናዋን ዝቅ አድርጎ አላይመንቱን መርሳት

የኋላ ጎማዎቿ ለየብቻ የሚንቀሳቀሱ ከሆነ፣ ሞላ ስታሳጥሩ በአብዛኛው ጎማው ከላይ ወደ ውስጥ ያጋድላል፣ ቶውም አብሮ ይቀየራል። የሚገርመው፣ ካምበሩ ብቻውን ጎማውን ቀስ ብሎ ነው የሚበላው። ቶ ሲጨመርበት ግን የውስጡ ጠርዝ በአጭር ጊዜ ሽቦው ይወጣል፣ ያውም ከውጭ በማይታይበት በኩል። ሁልጊዜ ከባድ ዕቃ ኋላ የምትጭኑ ከሆነም ሞላው ስለሚወርድ ውጤቱ ተመሳሳይ ነው። ይሄን ለሚለካው ሰው ቀድማችሁ ንገሩት።

"የኋላው አይስተካከልም" ብሎ አለማየት

አንድ ወጥ የኋላ አክስል ያላቸው ብዙ መኪኖች የማስተካከያ ብሎን የላቸውም፣ እውነት ነው። ግን ከጠርዝ ድንጋይ ጋር የተላተመ አክስል ይጣመማል፣ ያንንም የሚነግራችሁ ልኬቱ ብቻ ነው። ባሌስትራ (ተደራራቢ የብረት ሞላ) ባለው መኪና ላይ ደግሞ ባሌስትራዎቹን የሚያያይዘው የመሃል ብሎን ከተበጠሰ አክስሉ በአንድ በኩል ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ሊንሸራተት ይችላል። ሜትር ብቻ ይበቃችኋል። መሪው ቀጥ ብሎ ሳለ በግራ በኩል ከፊት ጎማ መሃል እስከ ኋላ ጎማ መሃል ለኩ፣ በቀኝም እንዲሁ። ልዩነቱ ጎልቶ ከታየ ወደ አላይመንት ማሽኑ ከመውጣታችሁ በፊት መኪናዋ ሥር ግቡና ብሎኑን ፈልጉት።