ለሕፃናት ገንዘብ ስናሰባስብ የምንሠራቸው ስህተቶች

ሐበሻ ባለበት የውጭ ከተማ ሁሉ በአገር ቤት ሕፃናትን ለሚረዳ ድርጅት ገንዘብ የሚያሰባስብ ቡድን አይጠፋም። ዲሲ በሉት፣ ዳላስ በሉት፣ ለንደን ወይም ስቶክሆልም። አብዛኛውን ጊዜ አምስት ስድስት ሰዎች ናቸው። ቢሮ የላቸውም፣ ደሞዝ የሚከፈለው ሰው የላቸውም። አንዷ ነርስ ናት፣ አንዱ ኡበር ይነዳል፣ አንዷ ሂሳብ ትሠራለች። ከሥራ መልስ በዋትስአፕ ይሰበሰባሉ፤ ቅዳሜያቸውን ይሰጣሉ፤ ከኪሳቸውም ያወጣሉ።

ይህን ሥራ ለዓመታት ከቅርብ ስመለከት የገባኝ ነገር ቢኖር ገንዘብ የሚያጥረው ሰው ስለሚሰስት አለመሆኑ ነው። ሐበሻ ሲጠየቅ ይሰጣል። ችግሩ ያለው ከኪሱ ወጥቶ ልጆቹ ዘንድ እስኪደርስ ባለው መንገድ ላይ ነው። እዚያ መንገድ ላይ ደጋግመው የሚታዩትን ስህተቶች አንድ በአንድ እንያቸው።

1. ድግሱ ገንዘቡን ሲበላው

ይህ የሁሉም አለቃ ነው። ቡድኑ ተሰብስቦ መጀመሪያ የሚወስነው "ራት እናዘጋጅ" የሚለውን ነው። አዳራሽ ይያዛል፣ ዘፋኝ ይጠራል፣ ፖስተር ይሠራል።

ሂሳቡን አብረን እንሥራው። 200 ሰው በ50 ዶላር ቲኬት ገባ እንበል። 10,000 ዶላር ተገኘ። አዳራሹ 3,500፣ ምግቡ 3,000፣ ዘፋኙ 2,500፣ ድምፅና መብራቱ 700 ቢሆን ወጪው 9,700 ነው። ለልጆቹ የቀረው 300 ዶላር። ይህም 200 ሰው ከመጣ ነው። ዝናብ ከጣለ፣ ወይም በዚያው ምሽት ሌላ ኮንሰርት ካለ አዘጋጆቹ ከኪሳቸው ይሞላሉ። ሕዝቡ ግን ጨፍሮ ሲወጣ "10,000 ዶላር ሰጠን" ብሎ ነው የሚያስበው። በሚቀጥለው ዓመት "ያ ሁሉ ገንዘብ የት ገባ?" የሚለው ሐሜት የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ድግስ አይደረግ ማለቴ አይደለም። ግን የአዳራሹና የምግቡ ወጪ በስፖንሰር ሳይሸፈን ቲኬት አይሸጥ። የሐበሻ ሬስቶራንቱ፣ ሪል እስቴት የሚሸጠው፣ የጉዞ ወኪሉ ስማቸው ፖስተሩ ላይ እስከወጣ ድረስ ለዚህ እሺ ይላሉ። ያኔ የቲኬቱ ገንዘብ በሙሉ የልጆቹ ይሆናል።

ደግሞ ያለ አዳራሽም ይቻላል። በአስር ቤት አስር የቡና ጥሪ ይደረግ። ጠሪዋ ቡናውንና ፈንዲሻውን ትችላለች፣ የመጣው ሰው ያቅሙን ሳጥን ውስጥ ይጥላል። ወጪ የለውም። ከሁሉ በላይ ስለ ልጆቹ ለመነጋገር ጊዜ አለ፤ በዘፈን መሐል ስለ አንድ ልጅ የልብ ሕመም ማስረዳት አይቻልም። ጨረታም አለ። አንድ ድፎ ዳቦ በጨረታ ምን ያህል እንደሚያወጣ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሁሉ ያውቃል። ዳቦውን የገዛው ሰው መልሶ "እንደገና ይጫረት" ሲል ደግሞ ደስ ይላል።

ቀኑንም እዩ። በሁዳዴ የጥሬ ሥጋ ድግስ የጠራ ቡድን አውቃለሁ። በረመዳን ምሳ የጠራም አለ።

2. አንድ ሀብታም ስትፈልጉ መቶውን መርሳት

"እገሌን ብናገኘው አንድ ትምህርት ቤት በአንዴ ያሠራ ነበር" ይባላል። እገሌን ለማግኘት ስድስት ወር ይጠፋል። እገሌም ይመጣል፣ ያጨበጭባል፣ ይሄዳል።

ታሪኩ ሌላ ነው የሚያሳየው። ኦስትሪያዊው ኸርማን ግማይነር የኤስኦኤስ የሕፃናት መንደርን እ.ኤ.አ. በ1949 ሲጀምር ሰውን የለመነው በወር አንድ ሽልንግ ነበር። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1974 መቀሌ ድረስ መጥቷል። ተዋናዩ ካርልሃይንዝ በም ደግሞ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1981 በጀርመን ቴሌቪዥን ቀርቦ ተወራረደ። "ከተመልካቹ ሲሶው እንኳ ለአፍሪካ ድሆች አንዳንድ ማርክ አይሰጥም" አለ። እርግጥም ሲሶው አልሰጠም። ግን ከአንድ ሚሊዮን ማርክ በላይ ገባ። በዚያው ዓመት "መንሽን ፉር መንሽን" (ሰዎች ለሰዎች) የተባለው የእርዳታ ድርጅቱ ተመሠረተ፤ መቱ ያለው የአብዲ ቦሪ የሕፃናት መኖሪያም የዚህ ድርጅት ነው። አዲስ አበባ ላይ ካርል አደባባይ የምንለውም በእሱ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የኢትዮጵያ ዳያስፖራ ትረስት ፈንድ "በቀን አንድ ዶላር" ሲል የተከተለው ይህንኑ መንገድ ነው።

ትንሽ ገንዘብ የሚሠራው ግን ሲደጋገም ብቻ ነው። ስለዚህ ሰውን በዓመት አንዴ ከምታስቸግሩት በየወሩ 10 ዶላር ከባንኩ በራሱ እንዲቆረጥ አስመዝግቡት። ፎርሙን አብራችሁት ሙሉ፤ "ቤት ሄጄ እሞላዋለሁ" ያለ ሰው አይሞላውም። ይህን ልማድ ከእኛ በላይ ማንም አያውቀውም። ዕቁብ የሚጥል ሰው የቤት ኪራይ ያዘገያል እንጂ ዕቁቡን አያዛንፍም።

3. የልጁን ፊት መሸጥ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

ዝንብ የወረረው ፊት፣ የተቀደደ ልብስ፣ የሚያለቅስ ዐይን፣ ከሥሩ የባንክ ቁጥር። የ1977ቱ ድርቅ ምስል እስከ ዛሬ ይከተለናል። ፈረንጅ ኢትዮጵያን በዚያ ፎቶ ብቻ ሲያውቃት የምንበሳጭ ሰዎች ያንኑ ፎቶ በራሳችን ፌስቡክ እንለጥፋለን። እ.ኤ.አ. በ2012 የኖርዌይ ተማሪዎችና ምሁራን የእርዳታ ድርጅት በዚህ ላይ ጥሩ ቀልድ ቀልዶ ነበር፦ አፍሪካውያን ተባብረው በብርድ ለሚንቀጠቀጡት ኖርዌጂያኖች የቤት ማሞቂያ ሲልኩ የሚያሳይ ቪዲዮ ሠራ። ኖርዌይን በክረምቱ ብቻ የሚያውቃት ሰው ምን ሊያስብ እንደሚችል አስቡት።

ከቀልዱ በላይ የልጁ ጉዳይ አለ። ያ ልጅ ያድጋል። አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላው የክፍል ጓደኛው ስልክ ላይ ራሱን ያገኛል፦ ስሙ ከነአባቱ፣ መንደሩ፣ "እናቱ በኤችአይቪ የሞተችበት" ከሚል ጽሑፍ ጋር። እሱን ማን ጠየቀው? ወላጅ ወይም አሳዳጊ ሳይፈቅድ ፎቶ አይነሳ። ቢፈቅዱም ሙሉ ስም፣ ትምህርት ቤትና ሰፈር አንድ ላይ አይውጡ። በሽታውማ ጨርሶ አይነገር። "ፊቱን ካላሳየን ሰው አይሰጥም" የሚለው ክርክር ሁልጊዜ ይነሳል። ልጆቹ የሳሉትን ሥዕል አሳዩ። መምህሯ በድምፅ ትናገር። የአንድ ተማሪ የዓመት ደብተር፣ ጫማና ምሳ ስንት እንደሚፈጅ በዝርዝር ጻፉ። እኔ ያየሁት ሰጪ ለዋጋ ዝርዝር ከእንባ ይልቅ ቶሎ ኪሱ ይገባል።

ለእረፍት አገር ቤት የሄደ ለጋሽ ሲጎበኝ ልጆቹን ሰልፍ አሰልፎ "እናመሰግናለን" ማስዘመርም የዚሁ ስህተት ወንድም ነው።

4. የሌላውን ፈጠራ መቅዳት

እ.ኤ.አ. በ2014 በረዶ ውኃ ራስ ላይ ማፍሰስ ዓለምን ሲያዳርስ ለአሜሪካው የኤኤልኤስ (የነርቭ በሽታ ነው) ማኅበር 115 ሚሊዮን ዶላር አስገኘ። ከዚያ በኋላ ሁሉም ቡድን የራሱን ቻሌንጅ ፈጠረ። ስንቱን ታስታውሳላችሁ?

እኛ የራሳችን አለን። ነሐሴ ላይ ወንዶቹ ልጆች ሆያ ሆዬ ይላሉ፤ ለእንቁጣጣሽ ሴቶቹ አበባየሆሽ ይዘፍናሉ፣ ወንዶቹ ሥዕል ስለው ያዞራሉ። እዚያው ዲሲ አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ የተወለደ ልጅ በእጁ የሳላትን የአደይ አበባ ለጎረቤቱ ሸጦ ገንዘቡን እኩያው ለሆነ ልጅ ቢልክ ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ተሠራ። አማርኛውም ይለመዳል። መሮጥ የሚወድ ካለ ደግሞ ኅዳር ላይ ለታላቁ ሩጫ አገር ቤት ሲሄድ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቹን "ለምጨርሰው 10 ኪሎ ሜትር ስንት ትሰጣላችሁ?" ይበል። ብዙዎች ሮጠው፣ ቲሸርቱን ለብሰው ፎቶ ተነስተው፣ መጠየቁን ረስተው ይመለሳሉ።

5. ኮንቴይነር

"አሮጌ ልብስና መጫወቻ ሰብስበን እንላክ" የሚል ሐሳብ በየዓመቱ ይመጣል። ሐሳቡ ከቅንነት ነው። ግን ዕቃው መርከብ ላይ ይወጣል፣ ጂቡቲ ይወርዳል፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ ይደርሳል። እዚያ ከቀረጥ ነፃ የመግቢያ ፈቃድ ካልቀደመው ይቆማል። በቆመ ቁጥር የመጋዘን ኪራይ ይቆጥራል። ማጓጓዣው፣ ኪራዩና የትራንዚተሩ ክፍያ ሲደመር ከውስጡ ያለው ዕቃ አዲስ ቢገዛ ከሚያወጣው ሊበልጥ ይችላል። ደብተርና ጫማ መርካቶ አለ። እዚያ ሲገዛ ነጋዴውም ሠራተኛውም ይጠቀማል።

መድኃኒት ከሆነ የባሰ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በእርዳታ የሚላክ መድኃኒት አገሩ ሲደርስ ቢያንስ የአንድ ዓመት ዕድሜ እንዲቀረው ይጠይቃል። ከየቤቱ መሳቢያ የተለቀመ ክኒን አይላክም። የሕፃናት ዱቄት ወተትም እንዲሁ፤ ንጹሕ ውኃ በሌለበት ቦታ ሕፃኑን ሊገድለው ይችላል።

መላክ ግዴታ ከሆነ፣ ለምሳሌ አገር ውስጥ የማይገኝ የሆስፒታል መሣሪያ ከሆነ፣ መጀመሪያ ተቀባዩ ድርጅት በጽሑፍ ይጠይቅ፤ ፈቃዱንም እሱ ያስጨርስ። ሲሪንጁን፣ ጄሉን፣ መለዋወጫውን ማን እንደሚገዛ ጠይቁ። ገመዱ እንኳ ሳይፈታ ጥግ ላይ የቆመ ማሽን ያላየ ሆስፒታል የለም።

6. ሕጉን አለመጠየቅ

በኤምሬትስ ያላችሁ ይህን በደንብ አንብቡ። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ሕግ ግለሰብ በራሱ መዋጮ እንዳይሰበስብ ይከለክላል፤ ይህ የሚፈቀደው ፈቃድ ላላቸው ተቋማት ብቻ ነው። በዋትስአፕ ግሩፕ መለመንም ከዚህ አያመልጥም። ቅጣቱ እስርና ከባድ የገንዘብ መቀጮ ሊሆን ይችላል። እህቶቻችን በሰው ቤት ሠርተው ያገኙትን ለደግ ሥራ ሲያዋጡ ችግር ውስጥ እንዳይገቡ "ግሩፕ ክፈቱና ሰብስቡልን" አትበሏቸው።

አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ቶምቦላ ቁማር ነክ ስለሆነ ሕጉ እንደየስቴቱ ይለያያል፤ አንዳንዱ ቦታ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ብዙ ስቴቶች ገና ገንዘብ መለመን ሳይጀመር ድርጅቱ እንዲመዘገብ ይጠይቃሉ። በሊቀመንበሩ የግል ዜል (በስልክ ገንዘብ መላኪያ) መሰብሰብ ይቅር፤ ሰውዬው የቱንም ያህል ታማኝ ቢሆን።

ራት ተበልቶበት "ሙሉው ከታክስ ይቀነሳል" ብላችሁም አትንገሩ። የሚቀነሰው ከምግቡ ዋጋ በላይ ያለው ብቻ ነው፤ ክፍያው ከ75 ዶላር ካለፈም ድርጅቱ ይህንኑ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት።

7. ቆራጩን አለማየት

መዋጮ በኢንተርኔት የሚሰበሰብበት ጎፈንድሚ አሜሪካ ውስጥ ከእያንዳንዱ ስጦታ 2.9 በመቶና 30 ሳንቲም ይወስዳል። ከ100 ዶላር 3.20 ነው፤ አይከፋም። ከ10 ዶላር ግን 59 ሳንቲም ነው፤ ወደ 6 በመቶ። ኢትዮጵያ ውስጥ ገንዘቡን ማውጣት ስለማይቻልም በሌላ ሰው ስም ይከፈታል፤ ጣጣው እዚያ ይጀምራል።

የቲክቶክ ላይቭ ጊፍት ደግሞ ጭራሽ አይወዳደርም። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ2022 ከሶሪያ የስደተኛ ካምፖች በሚተላለፉ ላይቮች ላይ ባደረገው ምርመራ መድረኩ እስከ 70 በመቶ እንደሚወስድ ዘግቧል። ኩባንያው "ከዚያ በጣም ያነሰ ነው" ቢልም ትክክለኛውን ቁጥር አልተናገረም። ላይቩን ሰው ለመጥራት ተጠቀሙበት፣ ገንዘቡን ግን በድርጅቱ ሂሳብ ተቀበሉ።

8. ቀላሉን ገንዘብ መተው

እንግሊዝ ያላችሁ፣ ጊፍት ኤድ የምትባለዋን ፎርም አስሞሉ። ሰጪው ታክስ ከፋይ ከሆነ በእያንዳንዱ ፓውንድ ላይ መንግሥት 25 ፔንስ ይጨምራል። አሜሪካ ያላችሁ፣ ብዙ ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ሠራተኛቸው ለተመዘገበ ድርጅት የሰጠውን ያህል ይጨምራሉ። የሰው ኃይል ክፍሉን መጠየቅ ብቻ ነው።

9. "መቶ በመቶ ለልጆቹ"

ፖስተር ላይ ያምራል። እውነት ግን አይደለም። መምህሯ ደሞዝ ትፈልጋለች፣ መኪናው ነዳጅ ይፈልጋል፣ ሂሳቡ በኦዲተር መታየት አለበት። የኢትዮጵያ የሲቪል ማኅበረሰብ አዋጅ 1113/2011 ራሱ የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል እንጂ ዜሮ ይሁን አይልም። ስንቱ ለምን እንደሚውል በግልጽ ከነገራችኋቸው ሰዎች ይረዳሉ። አንዴ ዋሽታችሁ ከተያዛችሁ ግን በሐበሻ ከተማ ወሬው ከእናንተ ቀድሞ ይደርሳል።

10. ገንዘቡ ከሄደ በኋላ ዝም ማለት

ሰጪው ሦስት ነገር ማወቅ ይፈልጋል፦ ስንት ተሰበሰበ፣ ስንት ወጪ ሆነ፣ ምን ተሠራበት። አንድ ገጽ ይበቃል። በአንድ ወር ውስጥ ይላክ። ዕቅዱ ያልተሳካ ከሆነም ይጻፍ።

ከድርጅቱ ጋር ስትስማሙ ደግሞ ገንዘቡ በዶላር ነው ወይስ በብር የሚለውን አስቀድማችሁ ጻፉት። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ወደ 57 ብር የነበረው ዶላር በጥቂት ቀናት ውስጥ 100 አለፈ። በብር ቃል የገባ ቡድን ለዚያው ሥራ የሚልከው ዶላር በግማሽ ሊቀንስ ምንም አልቀረውም፤ የዘይቱና የደብተሩ ዋጋ ግን ባለበት አልቆመም። በዶላር ለተስማማው ጥያቄው ሌላ ነበር፦ በተረፈው ብር ሌሎች ልጆች ይጨመሩ፣ ወይስ የነበሩት ልጆች ምሳ ይሻሻል? ይህን ማን እንደሚወስን ውሉ ላይ አስገቡት።