አፕዴት እንቢ ሲል እኛው የምንጨምራቸው ስህተቶች

አዳማ ላይ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። «አፕዴት ሳደርግ ተበላሸ» ተብሎ ከሚመጣልኝ ኡቡንቱ (በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫን ሲስተም) አብዛኛውን ያበላሸው አፕዴቱ ሳይሆን ከዚያ በኋላ የተነካካው ነገር ነው። ትእዛዞቹን ለደንበኛ በስልክ እንደማስጽፈው በድምፃቸው አስቀምጣቸዋለሁ።

መጀመሪያ ሎክ ማጥፋት። ተርሚናሉ (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) «ሎኩን ማግኘት አልቻልኩም» ሲል ብዙ ሰው ከኢንተርኔት ትእዛዝ ገልብጦ የሎክ ፋይሉን ይሰርዛል። ሎኩ ግን ሁለት ፕሮግራም እኩል እንዳይጭን የሚያግድ ቁልፍ ነው እንጂ ብልሽት አይደለም። ሌላ ፕሮግራም ፓኬጅ (የሶፍትዌር ጥቅል) እየጫነ ነው ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜም ኡቡንቱ ራሱ ከጀርባ የደህንነት ማሻሻያ እያስገባ ነው። መልእክቱን እስከ ታች ቢያነቡት ሎኩን ማን እንደያዘው ከነቁጥሩ ይነግርዎታል። ሻይ ጠጥተው ይመለሱ። ሎኩን ሰርዘው ሁለት ፕሮግራሞች በአንድ መዝገብ ላይ እኩል መጻፍ ከጀመሩ፣ ያኔ ነው ወደ እኔ የሚመጡት።

መብራት ሲሄድ ፎርማት ማድረግ። አንድ ተማሪ ዴስክቶፑን በባጃጅ ጭኖ፣ የኡቡንቱ ፍላሹን በኪሱ ይዞ መጣ። አፕግሬድ መሀል መብራት ሄዶበት «ፎርማት አድርግልኝ» ነው የሚለው። የመመረቂያ ሥራውስ? ባክአፕ የለውም። ተርሚናሉን ስከፍት መፍትሔው እዚያው ተጽፏል፦ ዲፒኬጂ (ፓኬጆቹን የሚጭነው ፕሮግራም) ተቋርጧል፣ ይህን ትእዛዝ ስጥ ይላል። ሱዶ፣ ዲፒኬጂ፣ ሁለት ሰረዝ ኮንፊገር፣ ከዚያ አንድ ሰረዝ ኤ። ግማሽ መንገድ የቀሩትን ፓኬጆች አንድ በአንድ እየጠራ ጨረሳቸው። ቀጥሎ በአፕት፣ ማለትም ፓኬጅ አውርዶ በሚያስጭነው ፕሮግራም፦ ሱዶ፣ አፕት፣ ሁለት ሰረዝ ፊክስ ሰረዝ ብሮክን፣ ኢንስቶል። አለቀ። ማሽኑ ጭራሽ አልነሳ ካለም ሲከፈት ከሚመጣው ሜኑ አድቫንስድ ኦፕሽንስ ውስጥ ገብቶ በአሮጌው ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) መሞከር ይቻላል።

በነገራችን ላይ፣ ዳውንሎድ ላይ እያለ ቢቋረጥ ምንም ችግር የለውም፤ ከቆመበት ይቀጥላል። የስልክ ፓኬጅ አልቆ የኮምፒውተር ፓኬጅ ቢቆም አይደንግጡ። የሚጎዳው ፓኬጆቹን መጫን ከጀመረ በኋላ በኮንትሮል ሲ ማቋረጥ ነው።

ቀኑን በእኛ አቆጣጠር መሙላት። ይሄኛው የእኛው አገር ስህተት ሳይሆን አይቀርም። አንዲት ደንበኛዬ የላፕቶፗ ሰዓት ቢያስቸግራት አውቶማቲኩን አጥፍታ ዓመተ ምሕረቱን በኢትዮጵያ ሞላችው። አፕት «ይህ ፋይል ገና ጊዜው አልደረሰም» እያለ፣ የሚቀረውንም ከ2000 ቀን በላይ አድርጎ ይቆጥርባታል። ሰርቨሩ ተበላሽቷል ብላ ሁለት ጊዜ ሚረር (ፓኬጅ የሚወርድበትን ሰርቨር) ቀይራለች! ጠዋት 3 ሰዓትን 3 ብሎ የሚሞላም አለ፤ ኮምፒውተሩ 6 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል፣ አፕቱም አንዳንዴ ሲሠራ አንዳንዴ እንቢ ይላል። ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ አውቶማቲክ ቀንና ሰዓትን ማብራት፣ የሰዓት ክልሉን አዲስ አበባ ማድረግ በቂ ነው። ኢንተርኔት በሌለ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ድሮ የሚመለስ ከሆነ የማዘርቦርዱን ትንሿን ባትሪ ያስቀይሩ።

ያረጀ ቨርሽን ላይ መታገል። አራት መቶ አራት (ፋይሉ አልተገኘም) እያለ የሚመልስ ከሆነ መጀመሪያ ሱዶ አፕት አፕዴት ብለው ዝርዝሩን ያድሱ፤ አፕዴት ዝርዝር ያመጣል እንጂ ምንም አይጭንም፣ የሚጭነው አፕግሬድ ነው። ያም ካልሠራ የቨርሽኑን ቁጥር ይዩ። ተራዎቹ ቨርሽኖች የሚደገፉት 9 ወር ብቻ ነው፤ ኤልቲኤስ የሚባሉት ግን 5 ዓመት። ጊዜው ሲያልፍ የተራዎቹ ቨርሽኖች ፓኬጆች ከዋናው ሰርቨር ይነሳሉ። እዚህ ላይ የዴቢያን (የሌላ ሲስተም) አድራሻ ኡቡንቱ ውስጥ የሚጨምሩ አሉ። ተዉት፤ ሁለቱ ዘመዳሞች ቢሆኑም ፓኬጃቸው አይቀላቀልም።

ቡት (ከርነሎቹ የሚቀመጡበት ክፍል) ሲሞላ በእጅ መሰረዝ። አሮጌ ከርነሎችን በአርኤም (ፋይል በሚሰርዘው ትእዛዝ) አያጥፉ፤ ሱዶ አፕት አውቶሪሙቭ የትኛውን ማስቀረት እንዳለበት ያውቃል። ብቻ ዋይ (አዎ) ብለው ከመመለስዎ በፊት የሚጠፉትን ዝርዝር ያንብቡ፤ የሚያዩትን የዴስክቶፕ ገጽታ ራሱን ሊያጠፋ ሲል ያየሁበት ጊዜ አለ።

«ኬፕት ባክ» (ለጊዜው ተይዟል) የሚለውን ደግሞ ስህተት ብለው አይደውሉልኝ። ብዙ ጊዜ ኡቡንቱ አንዳንድ ማሻሻያዎችን ለሁሉም በአንዴ ስለማይለቅ ተራዎ እስኪደርስ አስቀምጦት ነው።