በአፕልና በፒር ላይ የሚታዩ የተባይ ችግሮች፦ ከመርጨት በፊት የሚታይ ነገር አለ

ችግር፦ ቅርንጫፍ ላይ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር

ጥጡን በጣትዎ ሲያሹት ቀላ ያለ ፈሳሽ የሚወጣ ከሆነ፣ ያዩት ሻጋታ ሳይሆን በነጭ ሰም የተሸፈነ የአፕል ክሽክሽ ነው። በተገረዘ ቁስልና በቅጠል ብብት ይሰፍራል፤ ጭማቂውን ሲመጥም ቅርንጫፉና ሥሩ ጉጥ እያወጡ ያብጣሉ።

ይህ ተባይ መነሻው ሰሜን አሜሪካ ሲሆን፣ ጠላቱም እዚያው የተገኘች፣ ርዝመቷ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ የሆነ አፌሊነስ ማሊ የምትባል፣ ክሽክሹ ውስጥ የምታድግ ጥገኛ ተርብ ናት። ኒውዚላንድ በ1921 እ.ኤ.አ. ተርቧን አስገብታ ተባዩን ለመቆጣጠር ተጠቅማባታለች። ስለዚህ ክሽክሹ በድንገት ሲበዛ መጀመሪያ የሚጠየቀው ተርቧን ምን አጠፋት የሚለው ነው። ብዙ ጊዜ ተጠያቂው ያገኘውን ነፍሳት ሁሉ የሚገድል መድኃኒት ነው፤ አለዚያም ክሽክሹ የሚያወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ የሚፈልጉ ጉንዳኖች ተርቧን እያባረሩ ይጠብቁታል።

ስለዚህ ማጉያ መነጽር ይዘው ጥጡን ገለጥ ያድርጉ። ሰሙ የረገፈ፣ ጠቁሮ የደረቀና ጀርባው ላይ ክብ ቀዳዳ ያለው ክሽክሽ ካገኙ፣ ተርቧ ከውስጡ በልታ ወጥታለች ማለት ነውና እባክዎ አይርጩ። እንደ ጨንቻ ባለ ቀዝቃዛ ደጋ ተርቧ በዝግታ ስለምትራባ፣ ውጤቱን በአንድ ሳምንት መጠበቅ አይገባም። ጠቁረው የደረቁት ገና ያልተቀደዱ ከሆኑ፣ ቅርንጫፉን ቆርጠው ተርብ ወደሌለበት፣ ነገር ግን ክሽክሹ አስቀድሞ ወደገባበት ማሳ ወስደው ማሰር ይቻላል፤ ንጹሕ ማሳ ውስጥ ግን ፈጽሞ አያስገቡ፣ በሕይወት ያለ ክሽክሽ አብሮ ሊሄድ ይችላልና። ጉንዳኑን ለመከልከል ግንዱን በፕላስቲክ ጠቅልለው ፕላስቲኩን ግራሶ ይቀቡ፤ ልጡን በቀጥታ መቀባት ዛፉን ይጎዳል። ግንዱን የሚነካ ሣርም ድልድይ ስለሚሆን ይታጨድ።

ተርቧ አፈር ውስጥ ገብታ ሥር ላይ ያለውን መንጋ አታጠፋም። ለዚህ የሚበጀው አዲስ ሲተክሉ ክሽክሹን በሚቋቋም ሥር ግንድ (ሥር ሆኖ በሚያገለግል የታችኛው ተክል) ላይ የተዳቀለ ችግኝ መምረጥ ነው፤ ኤምኤም 106 እና ኤምኤም 111 የተባሉት ሥር ግንዶች የተዘጋጁት ይህን መቋቋም ታሳቢ አድርገው ነው።

ችግር፦ ከተረጨ በኋላ ቅጠሉ የነሐስ ቀለም ያዘ

ቅጠሉን ገልብጠው ከታች ሲመለከቱ የሚንቀሳቀሱ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ካሉ ቀይ ሸረሪት የሚባሉት ማይቶች ናቸው። ፓይረትሮይድ የሚባሉት መድኃኒቶች እነዚህን የሚበሉትን አዳኝ ማይቶች ስለሚገድሉ፣ ሌላ ተባይ ለማጥፋት የተረጨው መድኃኒት ራሱ ይህን ችግር ይወልዳል። መፍትሄው ድጋሚ መርጨት ሳይሆን መድኃኒቱን ማቆም ነው፤ አቧራም ማይቶችን ስለሚያባብስ በመንገድ ዳር ያሉ ዛፎች በውኃ ይታጠቡ።

ችግር፦ ፍሬው ተበስቶ በቀዳዳው አፍ የትል ኩስ ይታያል

በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በደቡብ አፍሪካ ይህን የሚያደርሰው ኮድሊንግ የተባለው የእሳት ራት ትል ነው። ትሉንና የቅርብ ዘመዶቹን ብቻ የሚያሳምም ቫይረስ በ1963 እ.ኤ.አ. በሜክሲኮ ተገኝቶ ዛሬ እንደ መድኃኒት ይረጫል። ቫይረሱ የሚሠራው ትሉ ሲበላው ብቻ ስለሆነ፣ እንቁላሉ ሲፈለፈልና ትሉ ፍሬ ውስጥ ሳይገባ መረጨት አለበት፤ ፀሐይም በቀናት ውስጥ ስለሚያዳክመው መደጋገም ያስፈልጋል። በጀርመን በአንዳንድ ማሳዎች ትሎቹ ስለተቋቋሙት፣ አንድ ዓይነት የቫይረስ ዝርያ ብቻ መጠቀም አይበጅም።

ችግር፦ የፒር ቅጠል ሙጫ በመሰለ ጠብታ ተጣብቆ ይጠቁራል

የፒር ሲላ የተባለች ጭማቂ መጣጭ ናት። ናይትሮጅን ማዳበሪያ ሲበዛ ለጋ ቡቃያ ስለሚበዛ እሷም ትበዛለች። ማዳበሪያውን ይቀንሱ፣ ቀጥ ብለው የሚወጡትንም ለጋ ቅርንጫፎች ይቁረጡ። በአውሮፓ ሲላን የሚበላው አንቶኮሪስ የተባለው አዳኝ ነፍሳት በፀደይ መጀመሪያ አኻያ ላይ ምግቡን ስለሚያገኝ፣ ከማሳው ዳር ያለው አኻያ ባይቆረጥ ይመረጣል።